አንድ ቆጣሪ፣ ሠላሳ ስምንት ተከራይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ ሰላምታችን ይድረስዎት። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በአዳማ ከተማ ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮች፣ ለግል ትምህርት ቤቶችና ለጥቂት የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሰርቨርና የኔትዎርክ አገልግሎት እናቀርባለን። ደንበኞቻችን 38 ሲሆኑ ሁሉም የሚስተናገዱት በሦስት ሰርቨሮቻችን ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር)፣ የራሱ ፋየርዎልና የራሱ የኔትዎርክ ክልል አለው። ሰርቨሮቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ደግሞ 12 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) አላቸው። አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚከፋፍለውን የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ገዝተን ስንጠቀምበት ቆይተናል። ዘንድሮ ግን ከአቅራቢያችን የደረሰን ፕሮፎርማ በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዋጋውም የተሰላው በ96 ኮር ነው። ደጋግመን ብንቆጥር ያለን 72 ኮር ብቻ ነው። ይህ ስህተት ነው ወይስ ያልገባን ነገር አለ? ወጪውንስ ለ38 ደንበኞች እንዴት ማከፋፈል ይገባናል? ከመካከላችን አንዱ «ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ቅጂ ጭነን እንገላገል» እያለ ስለሆነ መልስዎን በጉጉት እንጠብቃለን።

ሦስት ባልደረቦች፣ ከአዳማ

መልስ፦ ፕሮፎርማው የተሳሳተ አይመስለኝም፤ የእናንተም ቆጠራ ትክክል ነው። ልዩነቱ የመጣው የምትቆጥሩት ነገር የተለያየ በመሆኑ ነው። እናንተ በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ኮር ቆጠራችሁ፤ አቅራቢው የቆጠረው ግን በውሉ ላይ የተተረጎመውን ኮር ነው። በኮር የሚሸጡ በርካታ ፈቃዶች ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ዝቅተኛ ወለል ያስቀምጣሉ። የእናንተ አቅራቢ ማን እንደሆነ አልገለጻችሁም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር፣ ቪኤምዌርን፣ ለምሳሌ ብንወስድ፣ ወለሉ በአንድ ፕሮሰሰር 16 ኮር ነው፤ ፕሮሰሰሩ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የ16 ይከፈልበታል። በዚህ ዓይነት ወለል የእናንተ ስድስት ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው እንደ 16 ኮር ተቆጥረው 96 ይሆናሉ። ከምትከፍሉት ገንዘብ ሩቡ፣ ማለትም የ24 ኮር ዋጋ፣ በሰርቨራችሁ ውስጥ ለሌለ ነገር የሚወጣ ነው ማለት ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርም የራሱ ወለል አለው፤ በፕሮሰሰር ቢያንስ 8፣ በሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ባለ 12 ኮሩ ፕሮሰሰራችሁ በዚያኛው መለኪያ ምንም ትርፍ አይከፍልም።

አንድ ጊዜ ገዝቶ ለዓመታት መጠቀም እየቀረ መምጣቱም የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጠቅልሎ ከገዛ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ ማቆሙን አስታውቆ ወደ ኪራይ ብቻ ዞሯል። ሌሎችም በየራሳቸው ጊዜ በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ከቁጥሩ በፊት ግን ልትመረምሩት የሚገባ አንድ ሐረግ አለ፤ ደብዳቤያችሁን ሳነብ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ከዓመታት በፊት የገዛችሁት ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አገልግሎት ለመስጠት ይፈቅድላችሁ ነበርን? አብዛኞቹ የንግድ ሶፍትዌር ውሎች ገዢው ሶፍትዌሩን ለራሱ ድርጅት ሥራ ብቻ እንዲጠቀምበት ይላሉ፤ በሶፍትዌሩ ላይ የሌላ ሰው ሥራ እያስተናገዱ ገንዘብ መቀበል ከፈለጉ ለአገልግሎት ሰጪዎች የተዘጋጀ የተለየ ውል መግባት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዚህ «ስፕላ» በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ውል አለው፤ አገልግሎት ሰጪው በየወሩ የተጠቀመውን መጠን አስታውቆ ይከፍላል። ስለዚህ ሱቅ ገብቶ በደረሰኝ የተገዛ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ድርጅትም ለ38 ደንበኛ ሲያከራየው ከውሉ ውጭ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ውል አውጥታችሁ «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ያለበትን አንቀጽ ፈልጉ፤ አዲሱን ፕሮፎርማ ከመፈረማችሁ በፊትም ይኸው አንቀጽ ምን እንደሚል በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከብዙ ተከራይ ጋር የኖረ ሰው የጋራ ቆጣሪን ጣጣ ያውቀዋል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከአምስት አባወራ ጋር በአንድ ቆጣሪ ስኖር፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ጎረቤታችንና አንዲት አምፖል ብቻ የምታበራው አሮጊት እኩል ይከፍሉ ነበር። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚያድግበት በመሆኑ፣ የጋራው ቆጣሪ ሁላችንንም ወደ ላይኛው እርከን ይገፋን ነበር። አንዱ ክፍል ባዶ ሲሆን ደግሞ የእሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይወድቃል። የእናንተም ሥራ ይኸው ነው፦ አቅራቢው በኮር ይለካችኋል፤ እናንተ ደንበኛውን የምታስከፍሉት ግን፣ እንደምገምተው፣ በወር በተቆረጠ ዋጋ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች እስካልተገናኙ ድረስ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በድርድሩም ሆነ በሒሳቡ ቅናሽ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትከፍሉበትን መለኪያ ከምትሸጡበት መለኪያ ጋር ለማስታረቅ ሞክሩ።

ለስሌት እንዲያመች የአንድ ኮር ዓመታዊ ኪራይ 100 ዶላር ነው እንበል፤ እናንተ በፕሮፎርማው ላይ ያለውን ዋጋ ተኩበት። 96 ኮር 9,600 ዶላር ይሆናል። ለ38 ደንበኛ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ በወር 21 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዓመቱ ሳይጋመስ አሥር ደንበኞች ቢለቁ የፈቃዱ ዋጋ ስለማይቀንስ በቀሩት 28 ደንበኞች ላይ በወር ወደ 29 ዶላር ከፍ ይላል። ይህ ግን ገና የላይ የላዩ ስሌት ነው። አንድ ሰርቨር ቢበላሽ የእሱን ደንበኞች ሁለቱ እንዲሸከሙላችሁ ከፈለጋችሁ፣ እንደሚገባውም ነው፣ ከሦስቱ ሰርቨሮች የአንዱን ያህል አቅም ሳትሸጡት መያዝ አለባችሁ። እንግዲያው ልትሸጡት የምትችሉት 72 ሳይሆን 48 ኮር ነው፤ 9,600 ዶላርን ለ48 ስታካፍሉት፣ በፕሮፎርማው ላይ 100 ዶላር የተባለው ኮር ለእናንተ 200 ዶላር ይወጣዋል። አንዱ እውነተኛ ኮር ለብዙ ቨርቹዋል ኮር ስለሚከፋፈል የመጨረሻው የደንበኛ ዋጋ ከዚህ ይቀንሳል፤ የሒሳባችሁ መነሻ ግን 200 እንጂ 100 መሆን የለበትም። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወጣቶች ዋጋ የሚቆርጡት በመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርፉ የት እንደገባ የሚጠፋባቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኩል ማካፈሉን ግን አልመክርም። ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ከነካሜራውና ከነሒሳብ ፕሮግራሙ፣ አንዲት ፋይል ማከማቻ ብቻ ካላት ክሊኒክ ጋር እኩል ሲከፍል የሚያማርረው ትንሹ ነው፤ ቀድሞ የሚለቃችሁም እሱ ነው። ለማካፈያ የሚመቸው ለደንበኛው የተመደበው ሜሞሪ ነው፤ ሰርቨር ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ሜሞሪ ስለሆነና ደንበኛውም «16 ጊጋባይት» ሲባል የሚገባው ቁጥር ስለሆነ። ቪኤምዌር ራሱ በቀድሞው የአገልግሎት ሰጪዎች መርሐ ግብሩ ያስከፍል የነበረው በተመደበ ሜሞሪ መጠን ነበር፤ ያ መለኪያ ለአገልግሎት ሰጪው የሚስማማ የነበረውም ደንበኛ ሲመጣ ወጪው አብሮ ስለሚመጣ፣ ሲሄድም አብሮ ስለሚሄድ ነው። አሁንም ከአቅራቢው ጋር ስትደራደሩ፣ ካለ፣ በወር በተጠቀሙት ልክ የሚከፈልበትን አማራጭ ጠይቁ፤ የነጠላ ዋጋው ከዓመታዊው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ ለ38 ደንበኛ ድርጅት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሰርቨሮቹ በኩልም ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ወለሉ 16 ከሆነና የሰርቨራችሁ ሰሌዳ የሚቀበል ከሆነ፣ ባለ 12 ኮሩን ፕሮሰሰር በባለ 16 ኮር መተካት የፈቃዱን ወጪ በአንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ 96 እየከፈላችሁ 96 ኮር ታገኛላችሁ። ያገለገሉ ፕሮሰሰሮች ዋጋ ከአንድ ዓመት የፈቃድ ትርፍ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል ሒሳቡን ሥሩት። ከዚህ የሚበልጠው እርምጃ ግን የኔትዎርኩን ሥራ ፈቃድ ከተከፈለበት ሰርቨር ላይ ማውረድ ነው። እንደጻፋችሁት እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ፋየርዎል አለው፤ 38 ፋየርዎል ማለት 38 ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፓኬት (በኔትዎርክ የሚጓዝ የመረጃ ቁራጭ) ሲያመላልሱ የሚበሉት ኮር በዶላር የተከራያችሁትን ነው። ፓኬት ማመላለስ ውድ ቨርቹዋላይዜሽን አይፈልግም። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ ነጻ የቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ ነው፤ ኦፕን ቪስዊችና ኤፍአርአር የተባሉት የኔትዎርክ ሶፍትዌሮችም የፈቃድ ክፍያ የለባቸውም። ሁለት መካከለኛ ማሽኖችን ለዚህ ሥራ ብቻ ለይታችሁ ፋየርዎሎቹን ወደዚያ ብታዛውሩ፣ ምናልባት ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱን ከፈቃዱ ማውጣት ትችሉ ይሆናል፤ ያ ብቻውን 32 ኮር ከፕሮፎርማው ላይ ያስቀንሳል።

የዊንዶውስ ማሽኖችን በተመለከተ ተቃራኒውን አድርጉ፤ አትበትኗቸው፣ ሰብስቧቸው። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድ የሰርቨሩ ኮሮች በሙሉ ከተከፈለባቸው በኋላ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ይፈቅዳል፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ማሽኖች ኮሮቹ እንደገና በሙሉ ይከፈልባቸዋል። ዳታሴንተር የሚባለው ግን በቁጥር ያልተገደበ ነው። የ2022ቱ እትም በመደበኛ የዋጋ ዝርዝር ለ16 ኮር ስታንዳርዱ 1,069 ዶላር፣ ዳታሴንተሩ 6,155 ዶላር ነበር፤ በዚህ ንጽጽር በአንድ ሰርቨር ላይ 11ኛውን የዊንዶውስ ማሽን ስትጨምሩ ዳታሴንተሩ ረከሰ ማለት ነው። የአገልግሎት ሰጪዎች ወርሃዊ ዋጋ ከዚህ የተለየ ቢሆንም ስሌቱ የሚሠራበት መንገድ ያው ነው። አንድ የዊንዶውስ ማሽን በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ እንደልቡ እንዲዘዋወር ከፈቀዳችሁለት ግን ሦስቱም ሰርቨሮች ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ክልል አበጁለት።

ሙሉ በሙሉ ወደ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ሶፍትዌር፣ መሻገርስ? ለእናንተ ዓይነት ድርጅት በቁም ነገር መታየት ያለበት ይመስለኛል። ፕሮክስሞክስ የተባለው የቨርቹዋላይዜሽን ሥርዓት ያለ ክፍያ ይሠራል፤ የተፈተሹ ማሻሻያዎችን ለማግኘት የሚከፈለው ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያም የሚሰላው በፕሮሰሰር ሶኬት ሆኖ ለአንዱ ሶኬት ከ100 ዩሮ ጥቂት ከፍ ይላል። ልብ በሉ፣ እዚህ መለኪያው ሶኬት ስለሆነ ባለ 12 ኮሩም ባለ 64 ኮሩም እኩል ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከወጣው 8.1 እትም ጀምሮ የደንበኞችን ኔትዎርክ በሶፍትዌር ለይቶ የመከለል ሥራውም በይፋ የሚደገፍ የሥርዓቱ አካል ሆኗል። የሚጎድለው ደንበኛው ራሱ ገብቶ የሚያዝበትና ሒሳብ የሚያወጣ መግቢያ ነው፤ ያንን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ ወይም ሌላ ትጨምሩበታላችሁ። ኦፕንስታክ የተባለው ሌላው ነጻ ሥርዓት ይህን ሁሉ ቢይዝም ለሦስት ሰው ድርጅት ከባድ ሸክም ነው፤ አልመክራችሁም። ነጻ ሶፍትዌር ስትመርጡ ለፈቃድ የማይወጣው ገንዘብ በከፊል ወደ ደመወዝ እንደሚዞር አስቡ፤ በከተማችን ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊኑክስ የሚያውቁ ተመራቂዎች ስለሚወጡ ግን ይህ በብር የሚከፈል ወጪ ነው፣ በዶላር አይደለም።

የዶላሩ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ውላችሁን አሻሽሉ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ ያሰላነው የደንበኛ ድርሻ 21 ዶላር በ57 ብር 1,200 ብር ገደማ ነበር፤ በ150 ብር ብታሰሉት 3,150 ብር ይሆናል። ደንበኛው በብር የተቆረጠ የዓመት ውል ከያዘ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በደረሰኛችሁ ላይ የሶፍትዌር ፈቃድ ወጪን ከአገልግሎት ዋጋው ለይታችሁ በራሱ መስመር ጻፉት፤ በውሉም ላይ «የፈቃድ ድርሻው በየሦስት ወሩ መጀመሪያ ቀን በባንኩ የመሸጫ ተመን ተሰልቶ ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ተመኑ ሲወርድም ዋጋው እንደሚወርድ ከገለጻችሁ ደንበኛው ለመፈረም ብዙ አያንገራግርም። ከውጭ በሚገዛ አገልግሎት ላይ የሚታሰበውን 15 በመቶ ቫት በስሌቱ ውስጥ መካተቱን ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተመልከቱ፤ ፕሮፎርማው ላይ አይጻፍም።

ስለ ክራኩ አጭር መልስ አለኝ። ሕጉን፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቀውን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ማሻሻያ የማያገኝ ቨርቹዋላይዜሽን ላይ የ38 ድርጅት መረጃ ማስቀመጥ ትልቅ ድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በሺዎች የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ሰርቨሮችን ቆልፎ ቤዛ የጠየቀው ጥቃት የገባው፣ ማስተካከያው ከሁለት ዓመት በፊት በወጣለት ቀዳዳ ነበር። ባልደረባችሁ ገንዘብ ለማዳን ማሰቡ አይነቀፍም፤ ፕሮክስሞክስን የመሞከሩን ኃላፊነት ለእሱ ስጡት።

ጥያቄ፦ በአዳማ በአንድ የኔትዎርክ ድርጅት ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። 20 ለሚሆኑ ደንበኞች የማይክሮቲክ ኩባንያን ቨርቹዋል ራውተር (በሶፍትዌር የተሠራ የኔትዎርክ ማገናኛ) ለየብቻቸው ማቆም ይሻላል ወይስ በአንድ ትልቅ ራውተር ላይ ሁሉንም ከፋፍሎ ማስተናገድ? አለቃዬ የሚያሳስበው የፈቃዱ ዋጋ ነው።

መልስ፦ የማይክሮቲክ ፈቃድ ለአለቃዎ ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ መለኪያውም የኮር ቁጥር ሳይሆን ፍጥነት ነው። ነጻው ደረጃ በእያንዳንዱ ኢንተርፌስ በ1 ሜጋቢት የተገደበ ስለሆነ ከመለማመጃ አያልፍም፤ የ1 ጊጋቢቱ 45 ዶላር፣ የ10 ጊጋቢቱ 95 ዶላር፣ ያልተገደበው 250 ዶላር ነው። ለ20 ደንበኛ ለየብቻ 900 ዶላር፣ በአንድ ባለ 10 ጊጋቢት ራውተር ደግሞ 95 ዶላር ይሆናል፤ ልዩነቱ 805 ዶላር ነው።

ሆኖም 805 ዶላሩ የሚገዛው ነገር አለ። ከ20 ደንበኞች ምናልባት አሥራ አምስቱ የውስጥ አድራሻቸው 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ነው፤ በአንድ ራውተር ላይ ሲገናኙ ይጋጫሉ። ቪአርኤፍ በሚባለው ዘዴ የእያንዳንዱን ደንበኛ የመንገድ ሰንጠረዥ ለይቶ ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ፋየርዎሉ፣ የአድራሻ ትርጉሙና ቪፒኤኑ (የተመሰጠረው የርቀት መገናኛ) ሁሉ ቪአርኤፉን እያሰቡ መጻፍ አለባቸው፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጻፍ አንድ የተሳሳተ መስመርም ሃያውንም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ያቋርጣል። ለየብቻ ሲሆኑ ስህተቱ ከአንዱ ቤት አይወጣም፤ ደንበኛ ሲለቅም ፈቃዱን ለሚመጣው ማዛወር ይቻላል። እኔ ብሆን የራሳቸው ቪፒኤንና የተወሳሰበ ደንብ ላላቸው አምስት ስድስት ደንበኞች ለየብቻ አቆምና፣ ኢንተርኔት ብቻ የሚፈልጉትን በጋራው ላይ በቪአርኤፍ አስቀምጣለሁ። ከስዊቹ እስከ ሰርቨሩ ለመለያየት ቪላን (አንዱን ኔትዎርክ ወደ ተለያዩ ክልሎች የሚከፍል ዘዴ) ይበቃዎታል፤ 4,094 ክልል ስለሚሰጥ በ20 ደንበኛ አያልቅም። ቁጥሩን ወደ 16 ሚሊዮን የሚያሰፋው ቪኤክስላን የሚያስፈልገው ደንበኞችዎ በተለያዩ ሕንጻዎች ባሉ ሰርቨሮች ላይ ሲዘረጉ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለእሱ ተብሎ ውድ ስዊች አይግዙ።

ጥያቄ፦ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሹም ነኝ። የፒችትሪ ሒሳባችንን በአገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ላይ አድርገን በሪሞት ዴስክቶፕ ከርቀት እየገባን እንሠራለን። አገልግሎት ሰጪው በየወሩ ለዘጠኝ ሰው ፈቃድ ያስከፍለናል፤ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ግን ከሦስት አይበልጡም። በዚያ ላይ ማኅበሩ ከቀድሞው ሰርቨር ጋር የገዛው ዊንዶውስ አለው። እየተጭበረበርን ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በአገልግሎት ሰጪዎች ውል መሠረት የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ በገባው ሰው ሳይሆን የመግባት መብት በተሰጠው ሰው ልክ ነው። ወሩን ሙሉ ያልገባ ሠራተኛም መለያ ስም እስካለው ድረስ ይከፈልበታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ይጠይቁና ይመርምሩ፤ ሥራ የለቀቀ፣ የተዛወረ፣ ወይም ለኦዲት ሰሞን ተብሎ የተከፈተ ስም በመካከሉ ሊገኝ ይችላል። ከመጪው ወር በፊት እንዲዘጋ በደብዳቤ ያሳውቁ። ከሰርቨር ጋር ተጭኖ የተሸጠ ዊንዶውስ ደግሞ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር አይዛወርም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ማይክሮሶፍት የደንበኛን ፈቃድ በአገልግሎት ሰጪ የጋራ ሰርቨር ላይ መጠቀም የፈቀደው በሶፍትዌር አሹራንስ (ተጨማሪ ክፍያ ባለው የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ውል) ወይም በኪራይ ለተያዙ ፈቃዶች ነው፤ የእናንተ ከእነዚህ አንዱ ስላልሆነ አይረዳችሁም። የፒችትሪው ፈቃድ ራሱን የቻለ ውል ስለሆነ የስንት ተጠቃሚ እንደሆነ ለብቻው ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ የኤፍአርአርን ኮድ ለደንበኞቻችን እንዲመች አድርገን አሻሽለነዋል። ፈቃዱ ጂፒኤል የተባለው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ስለሆነ ኮዳችንን ይፋ የማድረግ ግዴታ አለብን ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ እየሠራ ደንበኛው አገልግሎቱን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ግዴታው የለባችሁም፤ የጂፒኤል ግዴታ የሚነሳው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስታስረክቡ ነው። ነገር ግን የተሻሻለውን ፕሮግራም ጭናችሁ በደንበኛው ሆቴል የምትተክሉት ትንሽ ሳጥን ካለ ያ ርክክብ ነው፤ ኮዱን ለዚያ ደንበኛ የማቅረብ ግዴታ ይኖርባችኋል። ለዓለም ሁሉ በድረ ገጽ ማውጣት ግን አይጠበቅባችሁም። ኤጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ይለያል፤ የቀየራችሁትን ፕሮግራም ደንበኛው በኔትዎርክ ገብቶ ከተጠቀመበትም ኮዱን ልታቀርቡለት ይገባል። ፕሮክስሞክስ በዚህ ፈቃድ የሚወጣ በመሆኑ ደንበኞች የሚገቡበትን ገጽ ከነካካችሁ ይህን አትርሱ።

ከእነዚህ ሁለቱ ይልቅ አገልግሎት ሰጪን የሚነካው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ከባለቤቱ ጋር የሚወዳደር አገልግሎት መስጠትን የሚከለክለው ዓይነት ፈቃድ ነው። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሰርቨሮችን በኮድ ለማዘጋጀት የሚያገለግለውን ቴራፎርምን ወደዚህ ዓይነት ፈቃድ ሲያዛውር፣ ተጠቃሚዎች ከቀድሞው ኮድ ኦፕንቶፉን ለይተው አወጡ። ከምትጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መካከል እንዲህ ፈቃዱ የተቀየረ እንዳለ የምታውቁት የእያንዳንዱን እትም የፈቃድ ፋይል ከፍታችሁ ስታነቡ ነው፤ ስሙ ሳይቀየር ፈቃዱ በአዲሱ እትም ላይ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከማሻሻላችሁ በፊት አንብቡት።